«ሀብት ገንዘብ ብቻ አይደለም» ማለት ድሃን ማባበያ ነውን?

ጥያቄ፦ ግብር ተቆርጦ በወር 9,000 ብር እጄ ላይ ይደርሳል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የታመመች አክስቴንም እረዳለሁ። በስብከት ላይ «ሀብት ገንዘብ ብቻ አይደለም» ሲባል ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛን ድሆችን ለማባበል የሚባል ይመስለኛል። የእኔ ሀብት ምንድን ነው? አሥራትስ ከምኑ ላውጣ? ለአክስቴ የምሰጠው እንደ አሥራት ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ቅር መሰኘትሽ አያስገርምም። ተናጋሪው ጠግቦ አድማጩ ሲራብ ይህ ቃል በእርግጥም ማባበያ ይሆናል። ሐዋርያው ያዕቆብም ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚሉትን ይወቅሳል (ያዕ. 2፥16)።

ቃሉ ራሱ ግን የሚያባብል አይደለም። «ሀብት» የወጣው «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ትርጉሙ ስጦታ ነው። በጥምቀት የምናገኘውን ልጅነት «ሀብተ ወልድ» እንለዋለን፤ የመፈወስ ጸጋን «ሀብተ ፈውስ» እንለዋለን። በሁለቱም ውስጥ ብር የለም። «ገንዘብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አባቶች «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲሉ የራሱ አደረጋት ማለታቸው ነው። ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ማለትም ቃል የተባለው ወልድ ሰው መሆኑን፣ ስንማር «የቃል ገንዘብ ለሥጋ፣ የሥጋ ገንዘብ ለቃል ሆነ» የምንለውም በዚሁ አገባብ ነው። እንግዲህ ሀብትሽ የተሰጠሽ ነገር ሁሉ ነው፤ የተሰጠ ደግሞ ይጠየቃል። አንድ መክሊት ብቻ የተቀበለው አገልጋይም ከመጠየቅ አላመለጠም (ማቴ. 25)። ስብከቱ ብዙ ጊዜ ሳይደርስበት የሚያልፈው ይህን ግማሹን ነው።

አሁን ደብተር አውጪና ከብሩ ጀምሪ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ከ9,000 ብር አሥራቱ 900 ነው። ግብር ሳይቆረጥ ካለው ደመወዝ አስልቶ የሚያወጣም አለ፤ አይከለከልም፤ አንቺ ግን እጅሽ ላይ ከሚደርሰው አስይ። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከኪራይና ከአስቤዛ በፊት ለይተሽ አስቀምጪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈኝ እሰጣለሁ ይላል፣ የሚተርፍ ግን የለም። ለአጥቢያሽ ስትከፍዪ ደረሰኝ ተቀበዪ። 900 ከልጆችሽ ጉሮሮ የሚነጠቅ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ቁጥሩን ሳትሸፋፍኚ ንገሪና በ300ም ቢሆን ጀምሪ። ጳውሎስ «እንዳለው መጠን የተወደደ ይሆናል እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም» ይላል (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። ተበድሮ አሥራት ማውጣት ግን አይገባም፤ አበዳሪው በሩን ሲያንኳኳ የሚመረርበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በጭንቅ ሰዓት ከአቅም በላይ ስለት የሚሳሉ ሰዎችም መጨረሻቸው እንደዚሁ ነው።

ከጾሙ የሚወጣ ሌላ ሀብት አለሽ። ረቡዕና ዓርብ ቁርስ አትበዪም። ያ ቁርስ ሻይና አምባሻ ሆኖ 60 ብር ቢያወጣ፣ በወር ስምንት ቀን 480 ብር ነው። ኢሳይያስ ጾምን «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ሲል (58፥7) የቀረው ቁርስ የት እንደሚሄድ እየነገረን ነው። ብዙዎቻችን የጠዋቱን እናስቀርና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሽሮውና በበየዓይነቱ እናካክሰዋለን፤ ሰውነት ጾመ፣ ኪስ ግን አልጾመም።

ጊዜን በተመለከተ መምህራን የ24 ሰዓት አሥራት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው ይላሉ። እንደ ሕግ አትያዢው፤ መለኪያ ይሁንሽ። ልጆች ያሏት ሠራተኛ ይህን ባንዴ አታገኘውም፤ ስለዚህ ይቆራረጥ፦ ሲነጋ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አቡነ ዘበሰማያት፣ ማታ ከልጆች ጋር አንድ ምዕራፍ ወንጌል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንድ የታመመ ሰው። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ አላለም።

ሙያሽስ? ይህን በብር ስለማንተምነው እንዘነጋዋለን። ጥጥ ፈትላ፣ ሰም ነክራ ጧፍ የምትሠራ አሮጊት የቤተ መቅደሱን መብራት በእጇ ይዛለች። መገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ አንድ በአንድ የምትለቅመውም እንዲሁ፤ ጠጠርና እንክርዳድ ካልወጣለት ስንዴው ለኅብስት አይሆንም፤ ይህም ዓይንና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ የሚሠራው አይደለም። አንቺ መሥሪያ ቤት የምትውዪ ከሆነ ማመልከቻ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝ ታውቂያለሽ። በአጥቢያሽ ማመልከቻ ለማስጻፍ ገንዘብ የሚከፍሉ እናቶች አይጠፉም። ጴጥሮስ «ብርና ወርቅ የለኝም፤ ይህን ያለኝን ግን እሰጥሃለሁ» ሲል (ሐዋ. 3፥6) የሌለውን ተናግሮ አላበቃም፤ ያለውን ሰጠ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ትምህርት ሲጣመም ባለ ገንዘቡ «እኔ አሥራቴን የማወጣው በአገልግሎት ነው» ይልና ብሩን ያስቀራል። ደህና የሚያገኝ ሰው ጊዜውን ስለሰጠ ከገንዘቡ አይፈታም። በተቃራኒው ደግሞ ድንኳኑንና ሰንጋውን ልኮ ለቅሶ ቤት የማይደርስ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ሠራተኛውን ደመወዝ ከልክሎ «ዋናው ጤና ነው» የሚለው ነው፤ ኦሪት የድሃውን ምንዳ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ትላለች (ዘዳ. 24፥15)።

የአክስትሽን ጉዳይ ለየብቻ እንየው። አሥራት ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚገባ ነው (ሚል. 3፥10)፤ ለአክስትሽ የምትሰጪው ቤተ ሰብን የመርዳት ግዴታና ምጽዋት ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥8)፤ ሁለቱ አይተካኩም። ሆኖም ዘዳግም 14፥28-29 በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ለቤተ መቅደስ አገልጋዩ ለሌዋዊው ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛው፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱም እንደሚሆን ይናገራል። መድኃኒቷን የሚገዛላት ሌላ ሰው ከሌለ የንስሐ አባትሽ ከአሥራቱ የተወሰነውን ለእርሷ እንድታውዪ ሊፈቅዱልሽ ይችላሉ፤ በራስሽ ብቻ አትወስኚ። በደብተርሽ ላይ ግን አሥራቱን በአንድ ዓምድ፣ የአክስትሽን በሌላ ዓምድ ጻፊ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይዘሻቸው ወደ እርሳቸው ሂጂ።