ቫይታሚን ዲ ኮሌስትሮል ያወርዳል ወይ? ስለ እናትሽ ለጠየቅሽን እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በኋላ የሚያነብ ሰው እንዲገባው በአጭሩ ልድገመው። እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ ሚኒያፖሊስ አንቺ ጋ ይኖራሉ። በቅርቡ ለምርመራ ደም ሰጥተው ቫይታሚን ዲያቸው 9 (በጣም ዝቅተኛ)፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ማለትም ኤልዲኤል ደግሞ 164 (ከፍ ያለ) ሆነ። ሐኪሟ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ባለ 50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እና በየቀኑ የሚወሰድ አቶርቫስታቲን፣ ማለትም ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች አንዱን፣ አዘዘችላቸው። እናትሽ ግን «ቫይታሚን ዲ የደም ሥር ይጠርጋል» የሚል ቪዲዮ አይተው አቶርቫስታቲኑን ትተውታል። አንቺ የጠየቅሽው ቫይታሚን ዲው ብቻውን ኮሌስትሮሉን ያወርድላቸው እንደሆነ ነው። ከሱቅ የገዛሽውን ባለ 10,000 በየቀኑ ብትጨምሪላቸው ይፈጥን እንደሆነም ጠይቀሻል።

ዋናውን ላስቀድም። አያወርደውም። ሐኪሟ ሁለት መድኃኒት ያዘዘችው ለሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ባለ 10,000ውን አትጨምሪ። አቶርቫስታቲኑን እንዳቆሙም ዛሬ ነገ ሳትይ ለሐኪሟ ንገሪያት።

እኔ እዚሁ ሚኒሶታ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህ ጉዳይ በራሴም ላይ ደርሷል፣ በየሳምንቱም ከሐበሻ እናቶችና አባቶች አፍ እሰማዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔ ቫይታሚን ዲ 12 ነበር። ኤልዲኤሌ ደግሞ 151። ያኔ ጭኔና ወገቤ ቶሎ ይዝልብኝ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ በተለይ። ቫይታሚን ዲውን እንደታዘዘልኝ ወሰድኩ። ሦስት ወር አካባቢ ቆይቶ ሲለካ 36 ገባ። የእግሬ ድካም በጣም ቀለለኝ፣ ይህን አልክድም። ኤልዲኤሌ ግን 149 ላይ ነበር። ከዚያው ፈቅ አላለም። የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ሲአርፒም እንደነበረ ነው። ኤልዲኤሌ በእርግጥ የወረደው ሐኪሜ ስታቲን ከጀመረልኝ በኋላ ነው። 88 ገባ።

የአንድ ሰው ውጤት ማስረጃ አይሆንም ልትዪ ትችያለሽ፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉትን ልንገርሽ። የእናትሽን ጉዳይ ቁጭ አድርጎ የሚመልስ ነው። ቫይታሚን ዲ ያነሳቸውን 151 ሰዎች ወሰዱ። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት በሳምንት 50,000 ዩኒት ተሰጣቸው። መጠኑ እናትሽ የታዘዘላቸው ነው። ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ተሰጠ። ቫይታሚን ዲው ተሻሻለ። ኤልዲኤሉ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ማለትም ኤችዲኤሉ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም ግን አልተሻሻለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ከ100,000 በላይ ሰዎችን የላቦራቶሪ መዝገብ አገላብጠዋል። ቫይታሚን ዲያቸው ከ20 በታች ከነበረበት ወደ 30 እና ከዚያ በላይ የወጣላቸውን ሰዎች እዚያው ዝቅ ብለው ከቀሩት ጋር አነጻጸሩ። ኮሌስትሮሉ ላይ የሚረባ ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ቪዲዮው ከየት አመጣው? ከሜዳ አይደለም። ቫይታሚን ዲ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች የልብ ሕመም፣ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል በብዛት ይታይባቸዋል። ይህ እውነት ነው። የልብና የደም ሥር ሴሎችም ቫይታሚን ዲን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሏቸው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ትልቅ ተስፋ ነበራቸው። ነገር ግን ታሞ ቤት የዋለ ሰው ፀሐይ አያገኝም። ውፍረት ያለው ሰው ቫይታሚን ዲው በስቡ ውስጥ ተይዞ ደሙ ላይ ዝቅ ይላል። የማይንቀሳቀስ ሰውም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለው ቫይታሚን ዲ የሕመሙ ጓደኛ እንጂ አምጪው አይደለም። ጓደኛውን ብታስወግጂ ሕመሙ አብሮ አይሄድም።

ይህን ለመለየት ነው ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት። አሜሪካ ውስጥ ቫይታል የተባለው ጥናት 25,871 ሰዎችን አሳትፏል። ለግማሾቹ በቀን 2,000 ዩኒት፣ ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከአምስት ዓመት በላይ ተሰጣቸው። ከመካከላቸው ከ5,000 በላይ ጥቁሮች ነበሩ፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ አልቀነሰም። «እነዚህ ሰዎች መጀመሪያውኑ እጥረት አልነበረባቸውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አብዛኞቹ አልነበረባቸውም፣ እውነት ነው። ግን ኒውዚላንድ ውስጥ በተሠራው ጥናት ከአራት ሰው አንዱ እጥረት ነበረበት። በወር 100,000 ዩኒት ወስደው እነሱም ላይ ለልባቸው ለውጥ አልታየም። ለእውነት ስል የአውስትራሊያውንም ልጨምር። 21,315 ሰዎች በወር 60,000 ዩኒት ወይም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ፤ ቫይታሚን ዲ በወሰዱት ላይ የልብ አደጋው ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስላል። ልዩነቱ ግን በጣም ጠባብ ነው፣ እንዲያው በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። በዚህ ተማምኖ ስታቲን መተው አይቻልም።

ግፊትም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ2013 ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ግፊት በጥቂቱ እንደወረደ አሳይቶ ነበር። በ2015 የወጣው ሰፋ ያለው ጥናት ግን በቀን 4,000 ዩኒት ሰጥቶም ለውጥ አላገኘም።

በደም ምርመራ ላይ በደንብ የሚለወጠው ሌላ ነው። ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይባላል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ ካልሲየም ከአጥንት ይጎትታል። ቫይታሚን ዲው ሲሞላ ይረጋጋል። 9 ላይ ላለች በ60ዎቹ ውስጥ የምትገኝ እናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አጥንትና ጡንቻ ነው። በረዶ ላይ አንሸራቷት የወደቀች እናት ያለችበት ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ቫይታሚን ዲውን አታቃልሉት። ሥራው ሌላ ነው ነው የምልሽ።

ሌላ ብዙ ሐበሻን የሚያሳስት ነገር አለ። ደም የተሰጠበት ወቅት ነው። እዚህ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፀሐይ ብትወጣም ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር በበቂ አይደርሰንም። መስኮት ዳር መቀመጥም አይጠቅምም፣ መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማርች አካባቢ ቫይታሚን ዲያችን በጣም ዝቅ ይላል። ሁዳዴም የሚውለው እዚያው ነው። ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ኤልዲኤል ይወርዳል። ከፋሲካ በኋላ ቅቤው ይመለሳል፣ ሙቀቱም ይገባል። ኦገስት ላይ ደም የሰጠ ሰው ሁለቱም ከፍ ብለው ያገኛቸውና «ቫይታሚን ዲው ኮሌስትሮል ጨመረብኝ» ይላል። ኦክቶበር ላይ ክኒን ጀምሮ በሁዳዴ ማብቂያ የተለካው ደግሞ ቫይታሚን ዲው ወጥቶ ኤልዲኤሉ ወርዶ ያየዋል። ክኒኑን ያመሰግናል። የሠራው ግን ጾሙ ነው። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ውጤት ስታነጻጽሩ የፍስክ ጊዜውን ከፍስክ፣ የጾሙን ከጾም ጋር አድርጉት። ለሐኪሟም ንገሯት፤ እሷ ስለ ሁዳዴ ላታውቅ ትችላለች።

አሁን ወደ ክኒኑ ልምጣ፣ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ባለ 50,000ው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። ሌሎቹ መድኃኒቶች በየቀኑ ስለሚወሰዱ ትልልቅ ሰዎች ይህንንም ከእነሱ ጋር በየቀኑ ይውጡታል። ይህ በእኔ መስኮት የምሰማው ነገር ነው። አንድ ቀን ወስኑ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከምሳ ጋር ቢሆን አይረሳም። ዘይት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል፤ በጾም ሽሮው ከነዘይቱ ይበቃል። ይህ ትልቁ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለስምንት ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ ወደ ትንሽ የቀን መጠን ይወረዳል። በእናትሽ ዕድሜ የተለመደው የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት ነው፣ ከ70 ዓመት በላይ 800። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ማለፍ አይመከርም።

አሁን ያንቺን ሒሳብ እዪው። በቀን 10,000 ማለት በሳምንት 70,000 ነው። ሐኪሟ ካዘዘችው ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ በሳምንት 120,000 ይሆናል። እንዲህ ለወራት ከቀጠለ የደም ካልሲየም ሊወጣ ይችላል። ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስ መወናበድና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። እናትሽ የግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አልጻፍሽም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ካለ ለሐኪሟም ለፋርማሲያችሁም ተናገሪ፤ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ነገሩን ያባብሰዋል። ካልሲየም ያለበት ሌላ ክኒን ካለም እንዲሁ።

ስለ ጾም ካነሣን አንድ ነገር። ለስላሳዎቹ የቫይታሚን ዲ ክኒኖች ሽፋናቸው ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው፤ ከከብት ወይም ከአሳማ ይሠራል። ይህንን ሰምተው መድኃኒቱን በዝምታ የተዉ እናቶችም ሙስሊም አባቶችም አውቃለሁ። ዝም ከሚሉ ቢነግሩን ይሻላል። ጠብታ አለ፣ ያለ ጀላቲን የተሠራም አለ። ጠብታ ከገዛችሁ በአንድ ጠብታ ስንት ዩኒት እንዳለ አንብቡ፤ ከጠርሙስ ጠርሙስ በጣም ይለያያል።

እናትሽ አቶርቫስታቲኑን የተዉት ጡንቻቸውን ስላመማቸው ከሆነም በግልጽ ጠይቂያቸው። «ቫይታሚን ዲ የስታቲንን ሕመም ይከላከላል» የሚል ወሬም ይዞራል። እዚያው ቫይታል ውስጥ ስታቲን የጀመሩ 2,083 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ቫይታሚን ዲ ከወሰዱት 31 ከመቶ ጡንቻቸውን አሟቸዋል፤ ካልወሰዱትም 31 ከመቶ። ሕመም ካለ መፍትሔው መጠኑን ማስቀነስ ወይም ስታቲኑን ማስለወጥ ነው። ብዙ ዓይነት አለ። በእናትሽ ላይ ደግሞ የጡንቻው ድካም ከቫይታሚን ዲ ማነሱም ሊሆን ይችላል፤ 9 በጣም ዝቅተኛ ነው። ሐኪሟ ሁለቱን መለየት አለባት።

ቪዲዮውን ተከራክረሽ አታስጥያቸውም። የራሳቸውን ወረቀት አሳዪያቸው። 164 የሚለውን በጣትሽ ጠቁመሽ፣ አቶርቫስታቲን እንደ መጠኑ ኤልዲኤልን ከ35 እስከ 50 ከመቶ እንደሚያወርድ ንገሪያቸው። ወደ 100 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። እንደገና ከጀመሩ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካ። ቫይታሚን ዲውን፣ ካልሲየሙንና ፓራታይሮይድ ሆርሞኑንም በዚያው ቀን እንዲያዩላቸው ጠይቂ፤ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃቸዋል።