መኪናው እየተነሳ ኢንሹራንሱ ለምን ይጥለዋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በነሐሴ ዝናብ ቦዩ ሞልቶ ግቢያችሁ ገባ፣ ቪትዝህ እስከ መቀመጫው ድረስ ውሃ ውስጥ አደረ፣ በሦስተኛው ቀን ጠርገህ አደረቅከውና ተነሳ። አሁን ባትሪው እንዳይሞት በየጠዋቱ ታስነሳዋለህ። ኢንሹራንሱ ግን «ቶታል ሎስ (ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ የሚቆጠር) ነው፣ ገንዘብህን ውሰድና መኪናውን አስረክበን» አለህ። አንተም «የሚሠራ መኪና ለምን ይጥላሉ? በታትነው ሊያተርፉበት ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅክ።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ውሃው ቶሎ መውረጃ የለውም፣ ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር እንዳንተ ያለ መኪና በገመድ እየተጎተተ ይመጣልኛል። ቁርጡን ልንገርህ፦ ገንዘቡን ውሰድ።

ከላይ አስተያየት የጻፈ አንድ ወንድም «የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ መኪና አይጎዳም» ብሏል። የባሕር ውሃ ይብሳል፣ ልክ ነው። ግን ግቢህ የገባው ከጣና የተቀዳ ንጹሕ ውሃ አይደለም። የቦይ ውሃ ነው። ጭቃ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ አለበት። ምንጣፉን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ወር ሙሉ እርጥብ ነው። ዋናው የሽቦ መስመር የሚያልፈው ደግሞ እዚያው ምንጣፉ ሥር፣ በበሩ ደፍ በኩል ነው። ኤርባጉን የሚያዘው ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ የሚታሰረው መሐል ወለሉ ላይ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ ጎርፍ የገባበት ኮሮላ አመጣልኝ። የነበረው የሦስተኛ ወገን ዋስትና ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለራስህ መኪና ጉዳት አይከፍልም። ስለዚህ እንደምንም አብረን ልናድነው ተነሳን። ሦስት ሳምንት ፈታን፣ አጠብን፣ አደረቅን። ተነሳ። በጣም ደስ አለን። ጥር ላይ ሰውዬው ከሐሙሲት አልፎ ወደ ወረታ ሲሄድ፣ ማታ፣ ልጆቹን ይዞ፣ የፊት መብራቱና ዳሽቦርዱ አንድ ላይ ድርግም አሉበት። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ በሾፌሩ እግር በኩል ያለውን የሽቦ መጋጠሚያ ሶኬት ከፈትኩት። ውስጡ እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። አንዷን ፒን በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርጋት ተሰብራ እጄ ላይ ቀረች። ያን ቀን እንደዚያ የሆኑ 11 ሶኬቶች ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም «ጎርፍ የገባበትን አድነዋለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ አላውቅም።

ኢንሹራንሱም የሚፈራው ይህንኑ ነው። የተጋጨ መኪና ጉዳቱ ይታያል፣ ገማቹ በር ይህን ያህል፣ ቀለም ይህን ያህል ብሎ ይጽፋል። የጎርፍ ጉዳት ግን ዛሬ አይታይም። ዛሬ 300 ሺህ ተብሎ የተገመተው ጥገና ዳሽቦርዱ ሲፈታ 500 ሺህ ሊሆን ይችላል። ሙሉ የሽቦ መስመር መቀየር ማለት ደግሞ መኪናውን ራቁቱን ማስቀረት ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ ላሳይህ። መኪናህ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ጥገናው 600 ሺህ ይፈጃል። እንዳለ ቢሸጥ ደግሞ 450 ሺህ ያወጣል። ከጠገኑት 600 ሺህ ወጪ ነው፣ ያውም ነገ ተመልሰህ ላትመጣባቸው ዋስትና የላቸውም። 1 ሚሊዮኑን ከፍለው ሳልቬጁን፣ ማለትም የተጎዳውን መኪና እንዳለ፣ በጨረታ ከሸጡ የሚከስሩት 550 ሺህ ነው። ስለዚህ ሽያጩ ላንተ የከፈሉትን ማካካሻ እንጂ ትርፍ አይደለም። ሙሉ ዋጋውን ተቀብለህ መኪናውም ይቅርልኝ ማለት አትችልም፣ የንብረት ኢንሹራንስ ከደረሰብህ ጉዳት በላይ አይከፍልም። መኪናውን ላስቀር ካልክ የሳልቬጁ ዋጋ ይቀነስብሃል።

መበታተኑም ክፉ ነገር አይደለም። ውሃ የነካው መኪና ብዙ ደህና ዕቃ አለው። በር፣ ኮፈን፣ መስታወት፣ ቸርኬ፣ መሪው ሥር ያሉ ብረታ ብረቶች ይሠራሉ። ሞተሩ ውሃ ውስጥ እያለ ካልተነሳ እሱም ተፈትቶ ሊድን ይችላል። ከተነሳ ግን ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ፒስተኑ ሲገፋው ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል። አንተ የዘይት መለኪያውን ምዘዘው፦ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከመጣ ውሃ ገብቶበታል። ኤርባግ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና ኮምፒውተር ግን ጎርፍ ከገባበት መኪና በነጻ ቢሰጡህም አትግጠም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሳልቬጁን በጨረታ ገዝተው፣ አጥበው፣ ሽቶ ነፍተው «ጎርፍ አይቶ አያውቅም» እያሉ ለማያውቅ ሰው የሚሸጡ አሉ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ወንበሩን ያጠበ ሰው ጥቅልሉ ውስጥ የቀረውን ጭቃ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ከመፈረምህ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ውልህ ላይ ጎርፍ በስም መግባቱን። ሁለተኛ፣ የተዋዋልክበትን የመኪና ዋጋ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። በድሮ ዋጋ ከተዋዋልክ ከዚያ በላይ አይከፍሉህም፣ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። በግምቱ ካልተስማማህ ዝም ብለህ አትፈርም፣ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ማስረጃ ይዘህ በጽሑፍ ተከራከር።

ጠዋት ጠዋት ማስነሳቱን ደግሞ ዛሬውኑ ተው። እርጥብ ሶኬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መዳቡ የሚበላው በጣም ቶሎ ነው፣ አንተም እያገዝከው ነው። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ውጣና ኮፈኑን ክፈት፣ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ገመዱን በጨርቅ ጠቅልለህ ወደ ጎን አድርገው። ከኢንሹራንሱ ጋር ጉዳይህ እስኪያልቅ እንደዚያው ይቆይ።