የጻፍኩት ምንድን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ዘውግ፣ ማለትም አንድ ድርሰት ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ፣ ይጠይቃሉ። ጸሐፊዎቹ ረቂቃቸውን ጨርሰዋል፤ የጨረሱት ግን ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸዋል።

ጋሼ፣ የፍቅር ልብ ወለድ ጻፍኩ ብዬ ነበር። ስከልሰው ግን ከፍቅረኞቹ ይልቅ የአከራይዋ አሮጊት አሟሟት ጎልቶ ወጣ። ታሪኩ የወንጀል ሆነ ማለት ነው? (ከአዳማ)

ሳይሆን አይቀርም፤ ብቻ በስሜት አትወስኚ። እርሳስ ያዢና እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ አንባቢው ምን እየጠየቀ ገጹን እንደሚገልጥ ኅዳጉ ላይ ጻፊ። «ይጋቡ ይሆን?» የሚለው ከበዛ የፍቅር ነው፤ «ማን ገደላቸው?» የሚለው ከበዛ የወንጀል ነው። ሬሳ ስላለበት ብቻ የወንጀል አይባልም። ማንም የማይሞትበት የአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ምርመራ ይጠይቃል።

የወንጀል ሆኖ ከተገኘ ግን ዕዳ አለብሽ፤ ፍንጩ አስቀድሞ አንባቢው ፊት መቀመጥ አለበት። ስለፈቀድሽልኝ መጨረሻውን ልናገረው። አሮጊቷ ግራኝ ናቸው፤ ገዳዩ የመርዙን ሲኒ በቀኝ እጃቸው ሥር አኑሮ ስለሄደ ይያዛል። ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለአዲሷ ተከራይ ቡና ሲቀዱ ግን ጀበናውን በየትኛው እጃቸው እንደያዙ አልነገርሽንም። ተመለሺና በግራ እጃቸው ያንሡት፤ ልጅቷም ለእንግዳ በግራ መቀዳቱ ቅር ይበላት። አንባቢው ነገሩን ከነውር ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ማስረጃ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ፍቅሩን አታውጪው፤ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ይዛወር እንጂ።

በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ረቂቅ ለአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ልልክ ነው። ወንዱ መጨረሻ ላይ ይሞታል። የፍቅር ልብ ወለድ ልበለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይበሉት። እኛ ዘንድ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ መቃብሩን ከሽፋኑ ላይ፣ ከርዕሱ ነግሮን እንኳ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በፍቅር ታሪክነቱ ሲነበብ ኖሯል። እዚያ ግን ስያሜው ውል ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘውጉ በሰጠው ትርጓሜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የታሪኩ እምብርት ፍቅር እንዲሆን፣ መጨረሻውም ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው እንዲሆን። የእርስዎ ረቂቅ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን አያሟላም። ስያሜውን ይለውጡ። ለስያሜው ሲሉ ሰውየውን ከሞት እንዳያስነሡት ግን አደራ።

ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ብቻ ብዬ ብገላገልስ? (ከባሕር ዳር)

ቀደምት አለህ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም የገነነው በኋላ ነው። ይሁንና አፈወርቅ ከጎኑ የተደረደረ ተፎካካሪ አልነበረበትም። ያንተን መጽሐፍ የሚሸጠው እስከ አገጩ የሚደርስ ክምር ታቅፎ የሚዞር አዟሪ ነው። «ስለ ምንድን ነው?» ሲሉት ሦስት ቃል ለመናገር ብቻ ነው ጊዜ ያለው። ሦስቱን ቃላት አንተ ካልሰጠኸው ራሱ ይፈጥራል።

አሳዛኝ ብዬ የጻፍኩትን ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። ልቅደደው? (ከጎንደር)

አትቅደደው። የት የት ላይ እንደሳቁ ጠይቅና ምልክት አድርግ።

እኔም ደርሶብኛል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፣ በአንዲት ባሕር ዛፍ የተነሣ ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ስለተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ጽፌ፣ ሀገር የሚያስለቅስ መስሎኝ ለታይፕ ጸሐፊ ሰጠሁ። ሁለቱ ዝናብ ይዟቸው በአንድ ጃንጥላ ወደ ችሎት ሲሄዱ፣ ጃንጥላው የማን እንደሆነ መንገዱን ሙሉ የሚጨቃጨቁበት ቦታ ላይ ስትደርስ መምታቱን አቁማ ሳቀች። ተቀይሜ ረቂቄን ተቀበልኳትና ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ወሰድኩት። ሁለተኛዋም እዚያው ቦታ ላይ ሳቀች።

ያን ዕለት ማታ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የአባትየውን ቀብር አውጥቼ ጃንጥላውን አስገባሁበት።