ኬዙን በጥፊ ከመምታትዎ በፊት

በዚህ ሳምንት ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጩኸት የሚያወሩትን ለብቻ ሰብስቤያቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት «የትኛውን ፋን ልግዛ?» ብላችሁ ነው። ቆይ፣ ብሩ ለጊዜው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። የሚንቀጠቀጠው ዕቃ ሌላ፣ የሚጮኸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቢሮዬ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ጎኑ «ድርርር» ማለት ይጀምራል። በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ስመታው ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ መምታቱን ይተዉት። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለ፣ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ነው። አንድ ጥፊ የዓመታት ፋይል ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጥፊው ግን አንድ ነገር ነግሮናል። ሲመቱት ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። የላላ ነገር ነው ያለው። ስለዚህ በመምታት ፋንታ ይጫኑ። ድርርታው ሲጀምር በጣትዎ ጫፍ የግራውን ክዳን መሃሉን ጫን ያድርጉት። ቀጥሎ ጠርዙን። ቀጥሎ የቀኙን ክዳን፣ የፊቱን ፕላስቲክ፣ የላዩን። የቱ ጋ ሲነኩት ነው ቀጥ የሚለው? የሚጮኸው እሱ ነው።

የሚያንቀጠቅጠው ግን ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ሚዛኑ ትንሽ ዝንፍ ካለ ያንን ንዝረት ለታሰረበት ብረት ያቀብላል፣ ብረቱም ለክዳኑ። ዲስኩ ብቻውን ያን ያህል ድምፅ የለውም። ክራርስ ገበቴው ባይኖር ክሩ ብቻውን ማን ይሰማው ነበር? እዚህ ገበቴው ያ ቀጭን ላሜራ ነው። ከሰዓት የሚብስብዎት ደግሞ ክፍሉ ሲሞቅ ፋኖቹ ፍጥነት ጨምረው በላዩ ስለሚያግዙት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ ክዳኑን ያውልቁ። የክዳኑን ጠርዝ ሲያዩ ወደ ኬዙ (ወደ ኮምፒውተሩ ሣጥን) የሚገቡ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። አንዱ ወይም ሁለቱ ከተጣመሙ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ አይቀመጥም። በፒንሳ ቀስ ብለው ያቅኗቸው። ከዚያ ብረት ከብረት በሚነካካበት መስመር ላይ ቀጭን ሱፍ ጨርቅ፣ ወይም ነፋስ እንዳይገባ በርና መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ስፖንጅ ፕላስተር ይለጥፉ። ጠርዙ ብቻ ይበቃል። ሙሉውን ክዳን ማልበስ አያስፈልግም።

ወደ ዲስኩ ሲመጡ ብሎኖቹን ይቁጠሩ። ጥገና ቤት ደርሶ የመጣ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ዲስኩ በአንድ ጎን በሁለት ብሎን ብቻ ታስሮ ይገኛል። ሌላው ጎን በአየር ላይ ነው። አራቱንም ይሰሩለት። ከተቻለ ደግሞ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ትንንሽ ክብ ቆርጠው፣ መሃሉን በስተው፣ በዲስኩና በብረቱ መካከል ያስገቡ። ካቻቪቴውን ግን ሰብሰብ ያድርጉት። ላስቲኩ እስኪጨፈለቅ ካጠበቁት ንዝረቱ በብሎኑ በኩል እንደ ድሮው ያልፋል።

ድምፁ «ዉዉዉ... ዉዉዉ» እያለ በዝግታ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ውስጡ ሁለት ዲስክ ሳይኖር አይቀርም። ፍጥነታቸው እኩል ነው ቢባልም በትንሹ ይለያያል። አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። የተለያየ ቦታ ላይ ይሰሯቸው። ገንዘብ ላውጣ ካሉኝ ግን፣ እኔ ብሆን የማወጣው ለፋን ሳይሆን ለኤስኤስዲ (ሃርድ ዲስኩን ለሚተካው የፋይል ማስቀመጫ) ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ያልተንቀሳቀሰ ነገር ደግሞ አያንቀጠቅጥም።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ ሶስቱንም ፋን ቀየርኩ። ብሬ ሄደ፣ ጩኸቱ አለ። ጌም ስከፍት ቀጭን «ጢዝዝዝ» ይላል። የሚገርመው ደግሞ ገና ሜኑ ላይ እያለሁ ይብሳል። (ከገርጂ)

መልስ፦ «ሜኑ ላይ ይብሳል» ያልካት ነገር ጉዳዩን ጨረሰችው። ፋን አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች ናቸው። በውስጣቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በጣም በፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል ሽቦዎቹ ራሳቸው ይርገበገባሉ። ሜኑ ላይ ካርዱ የሚስለው ከባድ ነገር ስለሌለ በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ምስል ያንበለብላል። ያኔ ነው የሚያፏጨው።

ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ግባና የፍሬም (በሴኮንድ የሚሳለው ምስል) ገደብ አድርግበት። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ (በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ) 60 ላይ አቁመው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ስክሪኑ አያሳይህም። ወይም ካርዱን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር እኩል የሚያስኬደውን ቪ-ሲንክን አብራ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ እንኳን ይቀንሳል። ካርዱን አይጎዳውም፣ እንቅልፍህን አትጣበት።

የገዛሃቸው ፋኖችም ሜዳ ላይ አልቀሩም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ዋናው ሴቲንግ) ውስጥ ገብተህ አንድ ነገር እይ። ባለሶስት ፒን ፋን ባለአራት ፒን ሶኬት ላይ ሰክተህ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያውን ከፒደብሊውኤም (ፍጥነቱን በአራተኛው ፒን ከሚያዘው) ወደ ዲሲ (በቮልቴጅ ወደሚያዘው) ቀይረው። ካልቀየርከው ፋኑ ቀን ከሌት ሙሉ ፍጥነቱን ይሮጣል። ከዚያ ፍጥነቱን ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ኬዙ በድንገት ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዝቅ ብትልም ከፍ ብትልም ይተወዋል። ያ ፍጥነት ከብረቱ የራሱ ንዝረት ጋር የሚገጥምበት ነው። ፋኑ እዚያ ላይ እንዳይቆም ባዮሱ ውስጥ ያለውን የፋን ፍጥነት መስመር አዘልለው። አምስት ሳንቲም አታወጣም።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንዱ ኮምፒውተር ጠዋት ስናበራው ጥርርር ይላል፣ ሩብ ሰዓት ሲሆነው ዝም። ልጆቹ «ዘይት ጠብ እናድርግበት» ይላሉ። እኔ ፈራሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መፍራትዎም ልክ ነው፣ ልጆቹም ልክ ናቸው። ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ፋን ቅባቱ አልቋል ወይም ደርቋል። በጠዋቱ ብርድ የተረፈችው ቅባት ትጠጥራለች፣ ሲሞቅ ትላላለች።

ከዘይቱ በፊት ግን አቧራውን ያስወግዱ። የእርስዎ ቤት ውስጥ የወረቀት ብናኝ አለ፣ የቶነር ዱቄት አለ፣ የመንገዱ አቧራ አለ። ይህ ሁሉ በፋኑ ክንፎች ላይ እኩል አይቀመጥም፤ አንዱ ክንፍ ከብዶ ሚዛን ያዛባል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ተነቅሎ በብሎወር ሲነፉት ክንፉን በጣት ይያዙት። ልጆች ፋኑ በአየር ሲፈተለክ ማየት ይወዳሉ፤ ያ ግን መሽከርከሪያውን ከመጠን በላይ አሩጦ ይጨርሰዋል።

የቱ ፋን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ወረቀት ጠቅልለው አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፣ ሌላውን ሳያስነኩ ወደ ፋኖቹ ያዙሩ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ ይወጣል። ከኬዙ ፋን ከሆነ ይፍቱት፤ ፋኑ መሃል ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥንቃቄ ይላጡና የስፌት ማሽን ዘይት አንዲት ጠብታ ያድርጉ። የምግብ ዘይት በፍጹም! ቆይቶ እንደ ሙጫ ይይዛል። ወረቀቱን መልሰው ይለጥፉ፣ እምቢ ካለ በፕላስተር ይድፈኑት፤ አለበለዚያ ዘይቱን ዙሪያውን ይረጨዋል። የአንዳንዱ ፋን መሃል ድፍን ነው፤ እሱን ለመክፈት አይታገሉ። የተከፈተውም ቢሆን ዘይቱ ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፤ ምትኩን ከወዲሁ ይፈልጉ። ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱ። 8 ሳንቲ ሜትር ነው 12 ሳንቲ ሜትር የሚለው ክርክር ሱቅ በር ላይ ያልቃል።

ድምፁ ከፓወር ሰፕላዩ (የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሣጥን) ውስጥ ከሆነ ግን ልጆቹም አይንኩት፣ እርስዎም አይንኩት። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ለሚያውቅ ሰው ይስጡት ወይም ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው የእንጨት አፓርታማ ውስጥ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤቴ «ሌሊት ጣሪያዬ ያጉረመርማል» አለችኝ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ብዙም አይሰማኝም። ኮምፒውተሩ ወለል ላይ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ፋይል ይገለብጣል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጎረቤትህ እውነቷን ነው። ወፍራም ድምፅ በአየር ሳይሆን በወለሉ በኩል ነው የወረደባት። አንተ ዘንድ ኬዙ ያንሾካሹካል፣ እሷ ዘንድ ጣሪያው ይናገራል። ስለዚህ ጸጥተኛ ፋን ብትገዛ ለሷ ምንም አይፈይድላትም። ኬዙን ከወለሉ ማለያየት ነው ያለብህ።

የወለል ሴራሚክ ወይም የድንጋይ ንጣፍ ትራፊ ፈልግ። ከሥሩ ለስላሳ ስፖንጅ አድርግለት፣ ኬዙን ከላይ አስቀምጥ። ላዩ ከባድ፣ ታቹ ለስላሳ ሲሆን ወደ ወለሉ የሚያልፈው ንዝረት በጣም ይቀንሳል። ስፖንጁ ግን ክብደቱ ተጭኖት ጨርሶ ከተለጠፈ የለም በለው። ጠንከር ያለ ፈልግ። ኬዙም ኬብሎቹም ግድግዳውን ወይም የጠረጴዛውን እግር ተደግፈው እንዳይቆሙ።

«ምንጣፍ ላይ ባደርገውስ?» እንዳትለኝ። ብዙ ኬዝ ላይ ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከሥር ነው። ምንጣፉ ያፍነዋል፣ ሲታፈን ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፋኑ ይጮኻል። እና ደግሞ ፋይል መገልበጡን ወደ ቀን አዙረው። ጎረቤትህንም አንድ ቅዳሜ ቡና ጥራት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍቼውም «ምምምም» የሚል ድምፅ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንዳንዴም «ቀጭ» ይላል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ኮምፒውተሩን በከንቱ አንጠርጥረው። ጠረጴዛው ላይ ስታብላይዘር (መብራት ሲዋዥቅ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ዕቃ) አለ አይደል? እሱ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስታብላይዘሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ያጎራል። ቀጭታው ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ሪሌው (ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ሲቀያይር የሚሰማ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ከጠረጴዛው ላይ አውርዱት፣ ኬዙን ሳይነካ ወፈር ያለ ላስቲክ ላይ አስቀምጡት። ጉርምርምታው ከድሮው በጣም ከጨመረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ነቅላችሁ አስዩት።

ጥያቄ፦ ዘፈን ስከፍት ብቻ ኬዙ ይንቀጠቀጣል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስፒከሩ ኬዙ ላይ ነው አይደል የተቀመጠው? አውርጂው።

ጥያቄ፦ ኬዙን ከውስጥ የእንቁላል ካርቶን ብለጥፍበት ድምፁን ያፍናል ይሉኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አያፍንም። ካርቶኑ ንዝረቱን ለማስቆም ክብደቱ አይበቃም፣ አየሩን ለመዝጋት ግን በቂ ነው። በአዳማ ሙቀት ላይ ይህን ከጨመሩበት ፋኖቹ ይበልጥ ይሮጣሉ፣ ጩኸቱም ይብሳል። ወረቀት በሞቀ ዕቃ አጠገብ መለጠፉም ራሱ ጥሩ አይደለም። የግድ መለጠፍ ካማረዎት የመኪና በር ውስጥ የሚለጠፈውን ከባድ የድምፅ ማፈኛ ይፈልጉ። የመዳፍዎን ስፋት የሚያህል ቆርጠው ክዳኑ መሃል ላይ ያድርጉት፣ ከፋኑና ከአየር ቀዳዳው ያርቁት። ክዳኑን በጣትዎ ሲያንኳኩት «ዷ» ይል የነበረው «ድፍ» ካለ ያ ቁራጭ ይበቃል፤ የተረፈውን ለመኪናዎ ያስቀምጡት።