ማሰሮዬ ያልባታል፣ አበባዬም ይጠወልጋል

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ፒያሳ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከመንገድ ዳር አንድ እቅፍ አደይ አበባ ገዛሁና ከቀጨኔ ባመጣኋት ትንሽ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ውኃ ሞልቼ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ማሰሮዋ ባረፈችበት ቦታ ነጭ ክብ ታትሞ አገኘሁ፤ አበባውም በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ «ስንጥቅ ሸክላ ሸጠውልሽ ነው» ይለኛል። ማሰሮዋን ከውጭ ቫርኒሽ ብቀባት ይሻል ይሆን? አደዩ ካለፈ በኋላስ ምን ልጨምርባት?
አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማሰሮዋን በጣትዎ ቆርቆር ሲያደርጓት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠች ስንጥቅ የለባትም፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠች ግን ባለቤትዎ ልክ ናቸው ማለት ነው። እኔ እንደምገምተው ማሰሮዋ ጤነኛ ናት። በእጅ የሚበጀውና በግልጥ እሳት የሚተኮሰው የአገራችን ሸክላ፣ እሳቱ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለማያልፍና እንደ ፋብሪካ ሴራሚክ የሚያብረቀርቅ ልባስ ስለሌለው፣ ገላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ውኃው በቀዳዳዎቹ እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እናቶቻችን በእንስራ ላይ የሚወዱት ይህ ላብ ነው ቡፌዎን ያበላሸው።

የአበባው መጠውለግም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ማሰሮዋ ሌሊቱን ውኃውን ስትጠጣ የግንዱ ጫፍ ባዶ ላይ ይቀራል፤ አየር አንዴ ከገባበት ደግሞ ውኃ ቢጨመርለትም እንደ ልብ አይስብም። በተጨማሪም በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረው የአሮጌ ውኃ ዝቃጭ አዲሱን ውኃ ቶሎ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ውኃ የመያዙን ሥራ ለብርጭቆ ይተዉት። የማሰሮዋ አፍ የሚበቃ ከሆነ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ፣ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ቀጭን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከሥር ሰሐን ወይም ማቶት ያድርጉላት። ምንም የማይገባባት ከሆነ ንጹሕ የንብ ሰም አለ። ማሰሮዋን ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አድርቀው በመጠኑ ካሞቋት በኋላ፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቀለጡትን ሰም ውስጧ ጨምረው ሁሉም ጎን እስኪዳረስ ያዙሯትና ትርፉን ይገልብጡ። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡ፣ ይቀጣጠላል፤ ሰም የጠጣች ማሰሮም ከዚያ በኋላ ምድጃ ላይ አትወጣም። ቫርኒሹን ግን እባክዎ ይተዉት። ከውስጥ የሚገፋው እርጥበት ቅቡን አረፋ አስነሥቶ ይልጠዋል፤ ያን የመሰለ ጥቁር ገላ በቫርኒሽ ማብለጭለጭም፣ በእኔ ዓይን፣ ነውር ነው።

አደዩን ሲገዙ ግማሹ ገና ያልፈነዳ እቅፍ ይምረጡ፤ ሙሉ በሙሉ የፈካው ከከተማ ዳር ተጭኖ ፒያሳ እስኪደርስ ዕድሜው አልቋል። ቤት እንደገቡ የግንዱን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ አግድመው ይቁረጡ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ይልቀሙ፣ ከዚያም ጥላ ባለበት ቦታ በባልዲ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ያሳርፉት። ውኃውን በየቀኑ ይለውጡ። ይህን ሁሉ አድርገውም ቢሆን አደይ የሜዳ አበባ ነውና እንደ ጽጌረዳ ሁለት ሳምንት ይቆይልኛል ብለው አይጠብቁ። ከሌላ አበባ ጋር ባይቀላቅሉትም እመርጣለሁ፤ ለጥቁር ሸክላ ቢጫው ብቻውን ይበቃዋል።

አደይ ከጥቅምት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። በበጋ፣ በየገደላገደሉ የሚቆመውና ሲደርቅ ወደ ወርቅማ የሚያደላው ሰንበሌጥ፣ ከጥቂት የገብስ ዛላ ጋር ሆኖ እስከ በልግ ድረስ ይዘልቅልዎታል። ውኃ ስለማይፈልግም ያን ጊዜ ብልቃጡን አውጥተው ማሰሮዋን ያለ ሰሐን ቡፌው ላይ ሊመልሷት ይችላሉ።