ከሸራ ስር የሚተላለፍ የቀጥታ ሽያጭ እንዳይቋረጥ

ጥያቄው የደረሰኝ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ ሸራ ወጥረው የሀገር ባህል ልብስ ከሚሸጡ አንዲት እህት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከልጄ ጋር በስልክ ላይቭ እየገባን እንሸጣለን። ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ስልኩ ራሱ ይዘጋል። ደንበኛ ሲደውል ስርጭቱ ይቋረጣል። መብራት ከጎረቤት ሱቅ በረጅም ገመድ ስለምንወስድ እሱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ነጩ ሸማ ደግሞ ሰማያዊ መስሎ ስለሚታይ ዕቃ ይመለስብናል። ጥሩ ካሜራ ያለው አዲስ ስልክ ግዙ ተብለናል፤ እንግዛ?»

ውድ እህቴ፣ ስልኩን ለጊዜው አይግዙ። የዘረዘሩልኝ ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ሲሆን አዲስ ስልክ በእርግጠኝነት የሚፈታው አንድም የለባቸውም። ለስልክ ካሰቡት ገንዘብ ላይ ቆንጥረው ባትሪ፣ ሁለተኛ ሲም ካርድና ጥቂት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ቢገዙበት የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ስልኩ ራሱን ስለሚዘጋበት ምክንያት ልጀምር፤ ጠዋት ሠርቶ ረፋድ ላይ መዝጋቱ ብዙ ይናገራልና። ስልክ ቀጥታ ስርጭት ላይ ሲሆን ካሜራው፣ ምስሉን የሚጨምቀው ክፍል፣ ስክሪኑና የኔትወርክ ሬዲዮው በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ከውስጥ ይግላል፤ በዚያ ላይ ቻርጀር ከተሰካበት ባትሪውም የራሱን ሙቀት ይጨምራል። አፕል ለምሳሌ ስልኮቹን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ እንድንጠቀምባቸው ይመክራል። የእኛ አካባቢ አየር ከዚህ በታች ቢሆንም ከባህር ወለል 2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የሚወርደው ፀሐይ ጥቁር መስታወት ላይ ሲያርፍ ስልኩን ከአየሩ እጅግ አብልጦ ያሞቀዋል። ስልኩ ሲግል መጀመሪያ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቀጥሎ ሥራውን ያዘገያል፣ በመጨረሻም ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ስለዚህ ስታንዱን ቀኑን ሙሉ ጥላ በማይለየው ቦታ ይትከሉ፤ ፀሐይ እንደምትዞርም አይዘንጉ። ሽፋኑን አውልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ስልኩንም ቤት ውስጥ ሞልታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በባዶ ባትሪ ጀምሮ በስርጭት መካከል መሙላት ነው ዋናው አጋይ። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ከጀርባው ብታደርጉለት በጣም ይረዳዋል። የጋለ ስልክ ላይ በረዶ ወይም እርጥብ ጨርቅ ማስቀመጥ ግን ውስጡ ጤዛ ስለሚፈጥር በፍጹም አይሞከርም።

ጥሪ ሲመጣ መቋረጡ ሌላ ጉዳይ ነው። በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተናገድ ያልተከፈተለት ስልክ ጥሪ ሲገባለት ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ስለሚወርድ ቪዲዮውን የሚሸከመው መስመር ይጠብበታል ወይም ይቆምበታል፤ ጥሪውን ከተቀበሉት ደግሞ ማይኩን ከስርጭቱ ይነጥቃል። መፍትሔው የሚያስተላልፈውን ስልክ ከጥሪ ጨርሶ መለየት ነው። በተለምዶ ማይፋይ የሚባለውን የኪስ ዋይፋይ ገዝተው የዳታ ሲሙን እዚያ ውስጥ ያድርጉ፤ የሚያስተላልፈውን ስልክ በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው ዋይፋዩን ብቻ ይክፈቱለት። ደንበኞች የሚደውሉበት ቁጥር፣ የቴሌብር ክፍያ የሚረጋገጥበትና አስተያየት የሚነበብበት ስልክ በልጅዎ እጅ ይሁን። የክፍያ ማረጋገጫን ከደንበኛ በተላከ ፎቶ ሳይሆን ከራስዎ ሂሳብ ላይ አይቶ ዕቃ ለመልቀቅም ይህ ሁለተኛ ስልክ የግድ ያስፈልጋል።

የምስሉ መንቀራፈፍ ከሙቀቱ በተጨማሪ ከኔትወርክም ሊመጣ ይችላል። ሰው ፍጥነት ሲለካ የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ነው፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው ግን አፕሎድ የሚባለው የመላኪያ ፍጥነት ነው። 720ፒ ለሚባለው መካከለኛ የምስል ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል፤ ሆኖም መስመሩ ስለሚዋዥቅ ሲለኩት የዚህን እጥፍ ቢያገኙ ይመረጣል። ልኬቱን ማክሰኞ ጠዋት ሳይሆን ቅዳሜ በሚሸጡበት ሰዓት፣ ገበያው ሞልቶ የአንቴናውን አቅም ብዙ ሰው በሚሻማበት ጊዜ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው ይውሰዱና ዝቅተኛውን ቁጥር ይመኑ። ዝቅተኛው ከ3 በታች ከሆነ መተግበሪያው በሚፈቅደው መጠን የምስሉን ጥራት ዝቅ ያድርጉ፤ ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ሲሰማ ግን ይወጣል። በ3 ሜጋ ቢት አንድ ሰዓት ማስተላለፍ 1.35 ጊጋ ባይት ይበላል፤ ለአራት ሰዓት 5.4 ጊጋ ባይት መሆኑን አስልተው ጥቅሉን ከዋዜማው ይግዙ።

ከሸራው በላይ ቆርቆሮ ካለ ማይፋዩን ከስሩ አያስቀምጡት፤ ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ከቆርቆሮው ጠርዝ ውጭ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው፣ ዝናብ እንዳይገባበት አፉ ወደ ታች በተደፋ የፕላስቲክ ዕቃ ከልለው ይስቀሉት። አንድ ሜትር መጠጋት ወይም መራቅ እንኳ ልዩነት ስለሚያመጣ ቦታውን በልኬት እንጂ በግምት አይምረጡ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ አማራጭ ስላለን፣ አንዱን ሲም በማይፋዩ፣ ሌላውን በልጅዎ ስልክ ላይ ዳታ ሞልተው ያኑሩ፤ የመጀመሪያው ሲደክም የልጅዎን ስልክ ሆትስፖት ከፍተው በደቂቃ ውስጥ መሻገር ይችላሉ።

አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ገመዱ ነው። አንድ ባዛር ላይ ረጅም ገመድ እንደተጠቀለለ ምንጣፍ ስር ተደርጎ ብዙ ዕቃ ሲሰካበት ግሎ ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልብስ በሞላበት ሸራ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። 220 ቮልት መንገድ አቋርጦ፣ ክረምት ላይም ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ወደ ሸራ መግባት የለበትም። ለእርስዎ ሥራ ደግሞ አያስፈልግም። ሁለት ስልክ 10 ዋት፣ ማይፋይ 3 ዋት፣ ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ መብራት 20 ዋት፣ ሲደመር 33 ዋት ነው፤ ለስድስት ሰዓት 200 ዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ይህን 12 ቮልት 40 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ይችለዋል፤ 480 ዋት ሰዓት ቢይዝም ከግማሽ በታች ቢያወርዱት ዕድሜው ስለሚያጥር 240ውን ብቻ ይቁጠሩ። አቅም ከፈቀደ 12 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የሆነው ሊቲየም ግማሹን ማስቀረት ስለማያስፈልገው ያንኑ ሥራ በጣም ባነሰ ክብደት ይሠራል። ስልኮቹንና ማይፋዩን መኪና ላይ በሚሰካው ዓይነት የዩኤስቢ ቻርጀር ያገናኙ። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረውን ኢንቨርተር አይግዙ፤ ኃይል ያባክናል፣ ርካሾቹም በቻርጀሩ በኩል ማይኩ ላይ እዝዝታ ያመጣሉ። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ 5 አምፒር ፊውዝ ሳያስገቡ ግን ምንም አያገናኙ።

ሸማው ሰማያዊ የሚመስለው ሸራዎ ሰማያዊ ስለሆነ ይመስለኛል። ፀሐይ በሸራው ውስጥ ስታልፍ የሸራውን ቀለም ይዛ ትገባለች፤ ካሜራም ያንን ሙሉ በሙሉ ማረም አይችልም። ከሸራው ስር በኩል ነጭ አቡጀዲ ይወጥሩ፤ ከተቻለም ልብሱ የሚታይበትን ማዕዘን ከጎን በሚገባ የቀን ብርሃን ፊት ያድርጉት። ስልኩ ነጭ ነገር ሲበዛበት ምስሉን ወደ ግራጫ ስለሚያጠቁር ስክሪኑ ላይ ሸማውን በጣት ነክተው ብርሃኑን በትንሹ ከፍ ያድርጉና ይቆልፉት። በስክሪኑ የሚታየው ጥለት በእጅ ከያዙት ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ ልብሱን ከስክሪኑ ጎን ይዘው ያስተያዩ።

በመጪው ቅዳሜ ቤት የሚውል ዘመድ በራሱ ስልክ ስርጭቱን እየተከታተለ፣ የተቋረጠበትን ሰዓት በወረቀት ይያዝልዎ። እርስዎም በዚያው ሰዓት ስልኩ ግሎ እንደነበር፣ የማይፋዩ ምልክት ስንት መስመር እንደነበረውና ባትሪው ላይ የሚነበበውን ቮልት ይጻፉና ይላኩልኝ፤ የቀረውን ከዚያ ላይ ተነሥተን እንለየዋለን።