የፎቶ ኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር፦ ምርጫውና አጠቃቀሙ በጥያቄና መልስ

በአነስተኛ ብርሃን በተነሡ ፎቶዎች ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ የሚታየውን፣ በተነሣው ነገር ላይ ግን ያልነበረውን ነጠብጣብ ኖይዝ እንለዋለን። እርሱን ስለሚቀንሱ ሶፍትዌሮች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አይኤስኦን (ካሜራው ምስሉን ምን ያህል እንደሚያበራ የሚወስነውን መቆጣጠሪያ) ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ኖይዙ ይበዛል። ኖይዙን የሚፈጥረው አይኤስኦው ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛው ኖይዝ የሚመጣው ከብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ወደ ሆነው ሴንሰር የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን አወራረዳቸውም እንደ ዝናብ ጠብታ ወጥነት የለውም። እኩል አፍ ያላቸውን ጣሳዎች ሜዳ ላይ ደርድረን ለአፍታ ብቻ ቢያካፋባቸው አንዱ ጣሳ ከጎረቤቱ በጣም የተለየ ብዛት ያላቸው ጠብታዎች ይይዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከያዙት ውኃ አንጻር ከቁም ነገር የሚገባ አይሆንም። በቁጥር ስናየው፣ አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) በአማካይ 100 ፎቶን ሲደርሰው መዋዠቁ ወደ 10 ገደማ፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል፤ 10,000 ሲደርሰው ደግሞ መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ነው። አይኤስኦ ስንጨምር ካሜራው ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ያፈጥናል ወይም አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ያጠብባል፤ በዚህም ሴንሰሩ ያገኘው ጥቂት ብርሃን ከነመዋዠቁ ጎልቶ እንዲታይ ይደረጋል። በዚህ ላይ የሴንሰሩ ኤሌክትሮኒክስ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ደግሞ ሙቀትም ይታከልበታል።

ስለዚህ ኖይዝ ፈርተው በዝቅተኛ አይኤስኦ አጨልመው ካነሡ በኋላ በኮምፒውተር የሚያበሩ ሰዎች የሚያተርፉት ነገር የለም። ሹተሩና አፐርቸሩ ካልተለወጡ የገባው ብርሃን ያው ነው፤ በብዙ ካሜራዎችም ጨለማው ክፍል ይብሱን ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ላይትሩም፣ ዲኤክስኦ፣ ቶፓዝ፣ ዳርክቴብል እየተባለ ብዙ ይወራል። የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የሶፍትዌሩን ስም ከመምረጥዎ በፊት በእጅዎ ያለው ፋይል ሮው (ሴንሰሩ የመዘገበው ጥሬ መረጃ) ይሁን ጄፔግ (ካሜራው አዘጋጅቶና ጨምቆ ያስቀመጠው ምስል) ይንገሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው ራሱ ይጠባል። ምክንያቱን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር የኮዳክ ባልደረባ በነበረው በብራይስ ባየር ስም በሚጠራው፣ የፈጠራ መብቱም በ1976 እ.ኤ.አ. በተሰጠው የቀለም ማጣሪያ የተሸፈነ ነው። በዚህ ማጣሪያ ከፒክስሎቹ ግማሾቹ አረንጓዴን፣ ሩቡ ቀይን፣ ሩቡ ሰማያዊን ብቻ ይለካሉ። እያንዳንዱ ፒክስል የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች የሚያገኘው በዙሪያው ካሉት ፒክስሎች በስሌት ነው። በሮው ፋይል ውስጥ ይህ ስሌት ገና ስላልተሠራ የአንዱ ፒክስል ስሕተት በዚያው በአንዱ ፒክስል ላይ ተወስኖ ይቆያል። ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ግን የአንዱ ስሕተት ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመትና የምናውቃቸው አረንጓዴና ወይን ጠጅ እድፎች ይፈጠራሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲኤክስኦ ፎቶላብ ዲፕፕራይምም ሆነ በ2023 እ.ኤ.አ. ላይትሩም ውስጥ የገባው ዲኖይዝ ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት ኖይዙን የሚቀንሱት ከዚህ የቀለም ስሌት ጋር አንድ ላይ፣ እድፉ ሳይዛመት በፊት በመሆኑ ነው።

ጄፔግ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ካሜራው አስቀድሞ በራሱ መንገድ ኖይዝ ቀንሶ፣ ጠርዞችን አጉልቶ፣ ምስሉን ስምንት በስምንት በሆኑ የፒክስል ሳጥኖች ከፋፍሎ ጨምቆታል፤ በእያንዳንዱ ቀለምም 256 ደረጃዎች ብቻ ቀርተዋል። አሥራ አራት ቢት የሆነ ሮው ግን 16,384 ደረጃዎች አሉት። ጄፔግን የሚቀበሉ እንደ ቶፓዝና ኒት ኢሜጅ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሆኖም ከእነርሱ የሚጠብቁትን ውጤት በልክ ያድርጉት።

ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልጉ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በነጻ የሚገኙ ሲሆን ሁለቱም ከባድ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ዳርክቴብል ለየካሜራው ዓይነትና ለየአይኤስኦው አስቀድሞ የተለካ የኖይዝ መግለጫ ስላለው መነሻውን ራሱ ይገምታል፤ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የእኔን ፍርድ ከጠየቁኝ፣ ሮው ለሚያነሣና ብዙ የጨለማ ፎቶ ላለው ሰው ዲፕፕራይምን፣ ሥራውን አስቀድሞ በላይትሩም ለሚሠራ ሰው ያንኑ የላይትሩምን ዲኖይዝ እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች የሚሟገቱበትን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኘሁትም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ፕሮግራሙ የእርስዎን ካሜራ መደገፉን ያረጋግጡ። በተለይ ኤክስትራንስ የሚባለውን የፉጂፊልም ሴንሰር የሚጠቀሙ ሰዎች ለአንዳንድ ፕሮግራሞች ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው።

ጥያቄ፦ ኖይዙን ሳጠፋ የሰው ፊት እንደ ፕላስቲክ ይሆንብኛል። የት ላይ ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ ሁለቱን የኖይዝ ዓይነቶች በአንድ እጅ እየመቱ ይመስለኛል። አንደኛው የቀለም ኖይዝ ነው፤ በጨለማው ክፍል ላይ እንደተረጨ ቀለም የሚታየው ነው። ሁለተኛው የብርሃን ኖይዝ ሲሆን በብርሃንና በጥላ መጠን ብቻ የሚለያይ ሻካራ ነጠብጣብ ነው። ዓይናችን ጥቃቅን የብርሃን ልዩነቶችን የሚለየውን ያህል ጥቃቅን የቀለም ልዩነቶችን አይለይም፤ ስለዚህ የቀለም ኖይዝን ብዙ ቢቀንሱት የጎደለ ነገር መኖሩን ተመልካቹ አያውቅም። የብርሃን ኖይዝ ግን ከቆዳ ቀዳዳዎች፣ ከቅንድብ ፀጉርና ከጨርቅ ድር ጋር በአንድ መጠን ስለሚገኝ እርሱን ስናጠፋ እነርሱም አብረው ይሄዳሉ። ላይትሩም ሮው ሲከፍት የቀለሙን መቆጣጠሪያ 25 ላይ፣ የብርሃኑን ዜሮ ላይ የሚያስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ፎቶውን በመቶ በመቶ መጠን ከፍቼ ዓይኔን ጨለማ ክፍል ላይ አሳርፋለሁ፤ የቀለሙ እድፍ እስኪጠፋ ድረስ የቀለሙን መቆጣጠሪያ ከፍ አደርግና እዚያው አቆማለሁ። ከዚያ አልፎ መሄድ የከንፈርን፣ የጥልፍ ክርን፣ የትናንሽ አበቦችን ቀለም ያፈዝዛል። ከዚያ የብርሃኑን መቆጣጠሪያ ከዜሮ ተነሥቼ ቀስ በቀስ እጨምራለሁ፤ የዓይን ሽፋሽፍት መቅለጥ ሲጀምር ወደ ኋላ እመለሳለሁ። በመጨረሻም ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ ለማረም የሚያስችለውን መሣሪያ) ተጠቅሜ ከኋላ ላለው ግድግዳ ወይም ሰማይ ጠንከር ያለ፣ ለፊት ደግሞ ለስላሳ መጠን እሰጣለሁ። ፊቱ ላይ ጥቂት ኖይዝ ይቅር።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ስለተማርሁ ነው። ሥራውን በጀመርሁበት ዘመን የአንድ ቤተሰብን ፎቶዎች ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አለስልሼ አስረክቤ ነበር። አያትየው ፎቷቸውን አገላብጠው አዩና «ሽበቴን ትተህ መጨማደዴን የት አደረስኸው?» አሉኝ። እርግጥ ነው፣ ሽበቱ ከመጨማደዱ ይልቅ ጎላ ያለ ስለነበር ከፕሮግራሙ አምልጦ ነበር።

ጥያቄ፦ ኖይዝ መቀነስ ያለብኝ ከሻርፕኒንግ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በፊት። ሻርፕኒንግ ጥቃቅን ልዩነትን የሚያጎላ ሥራ በመሆኑ ኖይዙንም አብሮ ያጎላዋል። ፎቶ ማሳደግም፣ ጉድፍ ማንሣትም ከኖይዝ ቅነሳ በኋላ ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ያልነበረ ነገር ይፈጥራሉ ይባላል። የወፍ ፎቶ ስለማነሣ ላባው እውነተኛ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሠለጠኑት የአንድን ትዕይንት ጥራት ያለው ምስልና ኖይዝ የበዛበትን ምስል ጎን ለጎን እየተመለከቱ፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው እንዴት እንደሚደረስ በመማር ነው። በኖይዙ ሥር የላባው መስመር በከፊልም ቢሆን ካለ አጥርተው ያወጡታል፤ ይህም ከቀድሞዎቹ ስልቶች እጅግ የተሻለ ነው። መስመሩ ከናካቴው ከጠፋ ግን ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ከመተው ይልቅ ብዙ ጊዜ ካያቸው ነገሮች ጋር የሚመሳሰል ግምት ያስቀምጣል። ግምቱን የሚያጋልጡት በተለይ ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ በሩቅ ያለ ጽሑፍ ፊደል መሳይ ነገር ግን የማይነበብ ቅርጽ ይሆናል፤ በሕዝብ መካከል ያለ ትንሽ ፊት ዓይንና አፉ ያለ ቦታው ይቀመጣል፤ ሣርና ቅጠል ደግሞ እንደ ትል የተጠማዘዘ መስመር ያወጣሉ።

ለወፎችዎ የምመክረው የተቀነሰውን ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አድርገው በሁለት መቶ በመቶ መጠን እንዲያስተያዩ ነው። በመጀመሪያው ላይ ጭራሽ ፍንጭ የሌለው መስመር በሁለተኛው ላይ ከታየ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ፤ የላይትሩም ዲኖይዝ ከ50 ይነሣል፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ አደርገዋለሁ። ፎቶው የወፏን ዝርያ ለመለየት ወይም ለማስረጃ የሚቀርብ ከሆነ ዋናውን ሮው አይሰርዙ፤ የተቀነሰውንም እንደ ዋናው አድርገው አያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይወስዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እነዚህ ፕሮግራሞች ሥራቸውን በግራፊክስ ካርድ ላይ የሚጭኑ ስለሆነ ደካማ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይንቀራፈፋል። አስቀድመው ፎቶዎቹን ይምረጡ፤ ከአምስት መቶ ውስጥ የሚያስረክቡት አርባ ከሆነ አርባውን ብቻ ወረፋ አስይዘው ሲተኙ ይልቀቁት። አለበለዚያ በዳርክቴብል ውስጥ ያሉት የቀድሞ ስልቶች፣ ለምሳሌ በ2005 እ.ኤ.አ. የቀረበውና በምስሉ ውስጥ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን እየፈለገ አማካያቸውን የሚወስደው ኖን ሎካል ሚንስ፣ ቀለል ባለ ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የማይንቀሳቀስ ነገር በሌሊት ሳነሣ ያለ ሶፍትዌር ኖይዝ የምቀንስበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ካሜራው በትሪፖድ ላይ ከሆነ ብርሃን ለማግኘት ጊዜ አለዎት፤ አይኤስኦውን ዝቅ አድርገው ሹተሩን ለረጅም ጊዜ ይክፈቱ። ያ የማይቻል ከሆነ ያንኑ ትዕይንት ደጋግመው አንሥተው ምስሎቹን በመደራረብ አማካያቸውን ይውሰዱ። ለዚህ ሶፍትዌር ማስፈለጉ አልቀረም፤ ነገር ግን የሚሠራው ስሌት እንጂ ግምት አይደለም። ኖይዙ በምስሎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል፦ በ4 ምስሎች ወደ ግማሽ፣ በ16 ወደ ሩብ። ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን ዋጋ ማለትም ሚዲያንን ከወሰዱ በመካከል ያለፈ መንገደኛም ይጠፋል። ምንም ዓይነት ፕሮግራም ከአንድ ምስል ተነሥቶ ይህን ያህል ታማኝ ውጤት አይሰጥዎትም።

ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ካሜራው ውስጥ ያለውን የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ቅነሳ ነው። እርሱ 30 ሰከንድ ካነሡ በኋላ ሹተሩን ዘግቶ ሌላ 30 ሰከንድ በጨለማ ያነሣና ያንን ከመጀመሪያው ይቀንሳል። በሙቀት ምክንያት በአንድ ቦታ ላይ የሚበሩ ፒክስሎችን ያጠፋል፤ ከቦታ ቦታ የሚዋዥቀውን ኖይዝ ግን አይነካም። የከዋክብትን ጉዞ በተከታታይ ምስሎች ለሚያነሣ ሰው ደግሞ በየመካከሉ ክፍተት ስለሚፈጥር መዘጋት አለበት።

ጥያቄ፦ የድሮ የፊልም ፎቶዎችን ስካን አድርጌአለሁ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ላጽዳቸው?

መልስ፦ የፊልም ቅንጣት የሥዕሉ አካል ነው፤ ምስሉ የተሠራው ከእርሱ ነው። ለሴንሰር ኖይዝ የተሠሩ ፕሮግራሞች እርሱን ሲያዩ ይደናገራሉ፤ ፊቶችንም ያለሰልሳሉ። በስካነሩ ምክንያት በጨለማው ክፍል የተጨመረ ኖይዝ ካለ፣ ስካነርዎ አንዱን ፊልም ደጋግሞ አንብቦ አማካዩን መውሰድ የሚችል መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ፎቶው በሚታይበት መጠን አሳንሰው ይዩት። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ምስል ወደ 1500 በ1000 ሲወርድ እያንዳንዱ አዲስ ፒክስል ከ16 ነባር ፒክስሎች ይሠራል፤ ከላይ በምስል መደራረብ እንዳየነው ሁሉ ኖይዙ በግርድፉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለስልክ ማያ ብቻ ለሚላክ ፎቶ ብዙ ጊዜ የቀለሙን ኖይዝ መቀነስ በቂ ነው። በትልቁ ለሚታተም ግን በመቶ በመቶ መጠን የታየው ዋጋ አለው፤ ያም ቢሆን ወረቀት ከስክሪን ይልቅ ኖይዝን ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ሰማዩን በደንብ ካጸዳሁት በኋላ እርከን እርከን የሆኑ መስመሮች ታዩበት። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ከሰማያዊ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ የሚደረገው ቀስ ያለ ሽግግር በጄፔግ 256 ደረጃዎች ሲሠፈር በደረጃዎቹ መካከል ወሰን ይፈጠራል። ቀድሞ ኖይዙ ፒክስሎችን ወዲያና ወዲህ እየበተነ ወሰኑን ይሰውር ነበር፤ እርስዎ ሲያጸዱት ወሰኑ ራቁቱን ቀረ። ሥራውን ከጄፔግ እጅግ የበዙ ደረጃዎች ባሉት በ16 ቢት ይጨርሱና ወደ ጄፔግ ከመቀየርዎ በፊት በሰማዩ ላይ ጥቂት ደቃቅ ግሬይን (የፊልም ቅንጣት የሚመስል ነጠብጣብ) ይጨምሩበት።